ፎቅ ቤትና የዕድር ድንኳን

ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ከሒሳቡ ይልቅ ጊዜ የሚፈጅብን አንድ ጨዋታ አለ። ይኸውም የፎቅ ቤት ነገር ነው። «ከሰፈራችን ጎን ባለ አምስት ደርብ ሕንፃ ቢደረደር ምን እንሆናለን?» የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ዳኛው ጠረጴዛ ቢመቱም ሰው ዝም አይልም። አንዱ ወገን ፀሐያችን ይከለላል፣ ጓሯችን ከላይ ይታያል፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ይፈስብናል፣ የማናውቀው ሰው ይበዛል፣ በመጨረሻም ዕድራችን ይፈርሳል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ልጆቻችን አግብተው የት ይግቡ፣ መሬቱ እንደ ሆነ እንደ ቆዳ አይለጠጥ ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም ክርክሩ ሁልጊዜ ከዛሬ ስለሚጀምር እስከ አሁን መቋጫ አላገኘም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ነገሩን ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን ልናየው አሰብን። አስተያየታችንንም አንደብቅም፤ ፎቅን ሁሉ መቃወም ልክ አይመስለንም፣ መቃወም የሚገባን ነገር ግን አለ።

ከራሳችን ከተማ እንነሣ። «ከተማ» የሚለው ቃል በድሮው አነጋገር የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሰፈር ማለት እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ደብረ ታቦርም እንዲሁ ነው የተነሣችው። የየጁው ራስ ጉግሣ እንደ ቆረቆሯት ይነገራል፤ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ መናገሻ አደረጓት፤ እሳቸውም በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በደጃች ካሳ ድል ሲሆኑ ወደ አሸናፊው ዞረች። ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው እዚያ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ብዙም የማያወሳው ቀጣዩን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰውን አስከትለው፣ መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ አምስት ወር ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስም በጊዜያቸው ተቀምጠውባታል። እንግዲህ ሰፈር ፈርሶ እንደገና መሠራቱ ለደብረ ታቦር እንግዳ ነገር አይደለም። ያ ዓይነቱ ከተማ ሰው ከጌታው ጋር የሚሰፍርበት፣ ጌታው ሲነሣም ጎጆውን ትቶ የሚነሣበት ነበር።

ታዲያ በዚያ ዘመን የሞተውን ማን ይቀብረው ነበር? በገጠር ነገሩ ግልጽ ነው። ዘመዱና ደብሩ ይቀብሩታል፤ ጎልማሳው መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ የንስሐ አባቱ ይፈቱታል። ከአገሩ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጎደለበት። ጎረቤቱ ከሌላ አውራጃ የመጣ ነው፣ ወንድሙ የሦስት ቀን መንገድ ይርቃል። የታሪክ አጥኚዎች የዛሬውን ዓይነት ዕድር አጀማመር ከዚህ ችግር ጋር ያያይዙታል፤ ዘመኑንም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም፣ ቦታውንም በተለይ አዲስ አበባ ያደርጉታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያም በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ወሎ ቅሬ ይለዋል፣ እኛ ዕድር እንለዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ማኅበራት ከቁጥር 404 ጀምሮ ብዙ አንቀጽ ሰጥቷል፤ ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን በጽሑፍ ማድረጋቸው እየተለመደ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዕድርን የፈጠሩት ከአያት ከቅድመ አያት አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች አይደሉም። የማይተዋወቁ፣ ከተማ ያጠጋጋቸው ሰዎች ናቸው። «እንግዳ ሰው ከበዛ ዕድራችን ይፈርሳል» የሚለው ስጋት እንግዲህ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ዕድር የእንግዳ ልጅ ነው።

«ዝቅተኛ ቤት ማለት ጥቂት ሰው ማለት ነው» የሚለውም እንዲሁ ምርመራ ይፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው አንድ ግቢ ውስጥ አራትም አምስትም አባወራ፣ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ተጋርቶ መኖር የተለመደ ሆነ። ዛሬስ ቢሆን? በሰፈራችን ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ሠርቶ ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ለነርስ ያላከራየ ስንት ሰው አለ? ዩኒቨርሲቲው ሥራ ከጀመረ ወዲህማ ጌሾ የነበረበት ጓሮ ሁሉ ክፍል ሆኗል። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ደብረ ታቦር ከ22 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነዋሪ ነበራት፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከ55 ሺህ በላይ ሆነ። በ12 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው በአብዛኛው የገባው ፎቅ ላይ ሳይሆን በእኛው ጓሮ ነው። ፎቁን ስናወግዝ የራሳችንን ጓሮ ጥግግት ረስተን እንዳይሆን።

አሁን ወደ ፎቁ እንውጣ። በአገራችን መንግሥት በብዛት የሠራው የጋራ መኖሪያ፣ ሁላችንም ኮንዶሚኒየም የምንለው፣ ከብዙ ጊዜ የራቀ ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባ አስተዳደር ቦሌ ገርጂ ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ሰፈር አስጀመረ፤ በወጪ ቆጣቢ አሠራር የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ረድቷል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ1998 ዓ.ም. የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በአገር ደረጃ ተነሣ፤ ውጥኑ 400 ሺህ ቤት ነበር። ዕጣ ይወጣል፣ ለሴቶች 30 በመቶ ይቀደማል፣ ዕጣ የደረሰው 20 በመቶውን ከፍሎ የቀረውን ከባንክ ይበደራል። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲመዘገብ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ900 ሺህ በላይ ደረሰ። ስለዚህ «ሰው ፎቅ አይወድም» የሚለው አነጋገር አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ ቤት ያጣ ሰው ለዕጣው ዓመት ከዓመት ሲቆጥብ ኖሯል።

በክልል ከተሞች ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ። ፕሮግራሙ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ወርዶ ነበር። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተቀር ቆመ። ከምክንያቶቹ ሁለቱን እናንሣ። አንደኛው ሰው ቅድሚያውን የሚከፍልበት አቅም ማነሱ ነው። ሁለተኛው የፎቅ ኑሮ አለመወደዱ ነው። ሰልፍ አልወጣም፣ አቤቱታ አልተጻፈም፤ ሕዝቡ በዝምታ አልገባም አለ። ባለ ጓሮው የክልል ነዋሪ ስለ ፎቅ የሰጠው ትልቁ ድምፅ ይህ ይመስለናል።

አለመወደዱ ከምን መጣ? ስለ ውበት አይደለም። በእኛ አስተያየት ዋናው ነገር ኑሯችን መሬት የሚፈልግ መሆኑ ነው። በርበሬ የሚሰጣው መሬት ላይ ነው። የጠላው ጋን፣ የእንጀራው ምጣድ፣ የፋሲካው በግ፣ ሙቀጫው ሁሉ መሬት ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና ሲወቀጥ የሦስተኛው ፎቅ ሰው ጣሪያ ይናጋል። የሞት ነገር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ደርብ ሲሆን አሳንሰር የለውም። አስከሬን ከአራተኛ ፎቅ በጠባብ ደረጃ ሲወርድ በየመታጠፊያው ሳጥኑ መዘንበል አለበት፤ ይህን ያየ ለቀስተኛ አይረሳውም። ድንኳን የሚተከለው መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ኀዘንተኛዋ ሦስት ቀን ታች ድንኳን ውስጥ ውላ ማታ ደረጃውን ትወጣለች። ጡሩምባ ነፊው ማለዳ ከሕንፃው ሥር ቆሞ ቢነፋ መስኮቱን ዘግቶ የተኛው የላይኛው ፎቅ ሰው ይሰማዋል ወይ? በየደረጃው መግቢያ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ በስልክ መልእክት ይላካል። እኛ ጡሩምባውን እንወደዋለን፤ ግን መልእክቱም እንደሚያደርስ መካድ አይቻልም።

ይህን ችግር የሕንፃው ዕቅድ አውጪዎች አልዘነጉትም ነበር። ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መገልገያ ቤት አብረው ነደፉ፤ ነዋሪው ኮሙናል የሚለው ማለት ነው። ለዕርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስና ለለቅሶ እንዲሆን ታስቦ ነው። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ኮሙናሉ ተከራይቶ ሱቅ ወይም ቢሮ ሲሆን ታይቷል። በሕጉ የጋራውን ቦታ የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ደካማ በሆነበት ኮሙናሉም የማንም ይሆናል። ጠንካራ በሆነበት ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ አዲስ ዕድር ተቋቁሞ፣ ድንኳንና ወንበር ገዝቶ፣ ከየክፍለ ከተማው በዕጣ የመጣው ሰው ሲቀባበር ይታያል። ከየአገሩ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአዲስ አበባ ዕድርተኞች ያደረጉት ይህንኑ አልነበረምን?

ፎቁ በራሱ ዕድር ካልገደለ፣ የሚገድለው ምንድን ነው? መልሱ ሰውን ከሰፈሩ ነቅሎ መበተን ነው። ለዚህ ካዛንቺስን ማየት ይበቃል። ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት ስም ነው እንዲህ የተጠራው። ማለትም ካዛንቺስ ራሱ ሲጀመር ከላይ በዕቅድ የመጣ አዲስ ሰፈር ነበር። ሰው ኖረበት፣ ተጋባበት፣ ዕድር አቆመበት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው ሰፈር ፈረሰ፤ ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ደረሰ፣ ከእነዚህም ቀደም ሲል ልደታና ሰንጋ ተራ በመልሶ ማልማት ተነሥተዋል። ተነሺው ከተማው ዳር ወዳሉት የጋራ መኖሪያዎች ተበተነ። ከዳር ሰፈር ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ ወደ አሮጌው ዕድሩ የሚመጣ፣ ሰፈሩ ፈርሶ እንኳ መዋጮውን የማያቋርጥ ሰው ብዙ ነው። ዕድሜው የገፋው ግን መመላለሱ ያቅተዋል። ሃያ ሠላሳ ዓመት የከፈለበት ዕድር ሩቅ ሆኖ፣ አዲሱ ዕድር መግቢያ ይጠይቀዋል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ መቀበር ማለት ይህ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ሕንፃው የሚቆምበት መሬት ባለቤት ነበረው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉት ትላልቅ ሰፈሮች የቆሙት ገበሬ ሲያርሰው በኖረ መሬት ላይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከ51 ሺህ በላይ ቤት በዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ ያሉትን በሚመለከት በኦሮሚያ በብዙ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ። ሰልፈኛው በአስተዳደር ወሰንና በተፈናቀለው ገበሬ ጉዳይ ነበር የተነሣው። በአገራችን በኮንዶሚኒየም ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች እጅግ ጎልቶ የተሰማው ይኸው ነው። ጥያቄው የደርቡ ቁጥር ሳይሆን የመሬቱና የሰውየው መሆኑን ልብ በሉ።

ሕጉም ቀስ በቀስ ወደዚህ መጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 ለግንብና ለአጥር፣ ለተክልና ለመሳሰለው ንብረት ካሣ ይቆጥር ነበር፤ ጎረቤት ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሚነሣ ሰው ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ጭምር ካሣ እንዲከፈል ደነገገ። በቀላል አማርኛ፣ ዕድርን ማጣት ጉዳት ነው ብሎ ሕጉ ተቀበለ። ገንዘቡ ዕድር ይመልሳል አንልም። ግን አንድ ሰው በከተማው ስብሰባ ተነሥቶ «ዕድሬስ?» ቢል ከእንግዲህ የሚሳቅበት ምክንያት የለም።

የውጭውንም ዓለም ጥቂት እንይ፤ እንዲህ ያለው ተቃውሞ በሌላውም አገር ስላለና መጥፎ ጎኑም እዚያ ስለ ታየ ነው። በአሜሪካ ዩክሊድ የምትባል የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ቦታዋን ከፋፍላ፣ እዚህ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ፣ እዚያ አፓርትማ ብላ ደነገገች። እ.ኤ.አ. በ1926 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድንጋጌውን አጸናላት፤ በፍርዱም አፓርትማ በሰው ሰፈር አየርና ሜዳ ላይ የተለጠፈ ጥገኛ ነው የሚል አስተያየት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ይኸው ዓይነት ደንብ በብዙ ቦታ ለፀሐይና ለአየር ተብሎ ወጥቶ፣ ድኻና ጥቁር ሕዝብ ወደ ሰፈሩ እንዳይገባ ማገጃ ሆነ። የተገላቢጦሹም ታይቷል። በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባለ፣ ባለ 11 ደርብ 33 ሕንፃ የያዘ የመንግሥት መኖሪያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ፣ ጥገናና ገንዘብ ተነፍጎት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በፈንጂ ማፍረስ ተጀመረ። ድኻን ከመሬት አንሥቶ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ቤት መስጠት አይሆንም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከጎናችን ፎቅ ቢመጣ የሚገባው ሰው ማን ነው? ዛሬ በእኛ ሰርቪስ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ነው፣ የገበያዋ ነጋዴ ናት፣ የራሳችን ልጅ ነው። ይህን ሰው «አትጠጋን» ማለት ነውር ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ «ተከራይ ዕድር ይገባል እንዴ?» ይላል። በደንባችን የሚከለክል ቃል የለም፤ የሚከለክለው ልማድ ነው፣ ልማዱም ቢቀር የሚያዝን ያለ አይመስለንም። በሌላ በኩል ለሕንፃው ተብሎ ነባር አባላት ተነሥተው ከከተማው ዳር የሚበተኑ ከሆነ፣ ወይም የገበሬ ማሳ ያለ በቂ ካሣ የሚወሰድ ከሆነ፣ ዝም ማለቱም ነውር ነው። እዚያ ላይ ተቃውሟችን ሙሉ ይሁን። በቦታችን ላይ ይሠራ ከተባለም ተነሺው እዚያው ሰፈር እንዲመለስ መጠየቅ ይገባል።

የቀረው የልክ ነገር ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበትና ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ባዶ እጃችንን ሄደን «ፎቅ አንፈልግም» ብለን ብንመለስ ማንም አይመዘግበውም። ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የሚከተለውን በጽሑፍ ይዞ እንዲቀርብ እናሳስባለን። የፍሳሽ ጉድጓዱ አቅም በሚገባው ሰው ቁጥር ተሰልቶ ይታይ፤ ቁልቁል ያለው ሰፈር የእኛ ነውና የሚፈሰውም ወደኛ ነው። ሕንፃው ከአጥራችን ራቅ ብሎ ይቁም፤ የጉና ነፋስ ባለበት አገር የጠዋት ፀሐይ ቀላል ነገር አይደለም። ደረጃው ሳጥን ሳይዘነብል የሚዞርበት ስፋት ይኑረው። ኮሙናሉ በፕላኑ ላይ ከነስሙ ይጻፍ፣ ለኪራይ እንዳይውልም በባለቤቶቹ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይግባ። በሕንፃዎቹ መካከል መኪና የማይቆምበት ሜዳ ይተው። የሜዳውን መጠን ማንም ከወረቀት እንዳይገምት ዕቃ ግምጃ ቤታችን ለክቶ ሰጥቶናል፤ ትልቁ ድንኳናችን ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው፣ በአራቱም ማዕዘን ለገመዱ ካስማ አንድ አንድ ሜትር ተኩል ይጨመርበት፤ ለንፍሮው ጎላና ለእንጨቱ ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ ነፋሱ ወደ ለቀስተኛው የማይመልሰው ቦታ ያስፈልጋል።